ከጎኑ ያለው ይበልጣል፦ ጎረቤታም የተራራ ጫፎችን የመለየትና የመሰየም ጣጣ

ክላረንስ ኪንግ መሬትን ማጥናት ሙያው፣ ተራራ መውጣት ደግሞ ልማዱ የሆነ ሰው ነበር። በ1864 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ሰንሰለት ውስጥ ከሁሉም ይበልጣል ብሎ ያመነበትን ጫፍ ከአንድ ባልደረባው ጋር ወጣ። አናቱ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲቃኝ ግን እሱ ከቆመበት የሚበልጡ ጫፎች ታዩት። የቆመበትን ቲንዳል ብሎ ሰየመው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ በጥናት ቡድኑ አለቃ በጆሳያ ዊትኒ ስም ተጠራ። በ1871 ኪንግ ተመልሶ መጣና ዊትኒን ወጣሁ ብሎ ወረደ።

አልወጣም ነበር። በ1873 ጉድይር የተባለ ሌላ ባለሙያ ኪንግ ወጣሁት ወዳለው ጫፍ ሄደ፤ ያውም እስከ አናቱ ድረስ በበቅሎ። ከዚያ ሆኖ ሲመለከት እውነተኛው ዊትኒ ራቅ ብሎ ተገትሯል። ኪንግ ወሬው እንደደረሰው እየገሰገሰ መጥቶ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ትክክለኛውን ጫፍ ወጣ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። አንድ ወር ቀደም ብሎ ለዓሣ ማጥመድ ወደ አካባቢው የመጡ ሦስት ሰዎች ወጥተውት ወርደዋል፤ ስሙንም «የዓሣ አጥማጆች ጫፍ» ብለውታል።

ኪንግ ዋሾ አልነበረም። በ1871 የወጣበት ቀን ደመናማ ስለነበር ዙሪያውን አጥርቶ ማየት አልቻለም። ይሁን እንጂ ጎረቤታም ጫፎች ሰውን የሚያሳስቱት ደመና ሲጋርዳቸው ብቻ አይደለም፤ ጥርት ባለ ሰማይም ያሳስታሉ። «ያ ተራራ ማን ይባላል?» የምትለው አጭር ጥያቄ በሆዷ ሦስት ጥያቄ ይዛለች። የማየው የትኛውን ነው? የማየው አንድ ተራራ ነው ወይስ ሁለት? ስሙንስ ያወጣለት ማን ነው? አብዛኛው ክርክር የሚነሳው አንዱ የመጀመሪያውን ጠይቆ ሌላው ሦስተኛውን ሲመልስለት ነው።

ከዓይን እንጀምር። ዓይናችን ከፍታን አይለካም፤ የሚለካው ማዕዘንን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ቆመናል እንበል። ከፊታችን በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 3,000 ሜትር ከፍታ ያለው ጫፍ አለ። ከእሱ ጀርባ በ30 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ 4,000 ሜትር የሚደርስ ሌላ ጫፍ ይታያል። ቅርቡ ከእኛ በላይ የሚነሳው 1,000 ሜትር ነው፤ ይህ በርቀቱ ሲታሰብ ስድስት ዲግሪ ገደማ የሆነ ማዕዘን ይሰጣል። ሩቁ 2,000 ሜትር ቢነሳም ማዕዘኑ አራት ዲግሪ አይሞላም። ስለዚህ በአንድ ሺህ ሜትር የሚያንሰው ተራራ ለዓይናችን አንድ ተኩል እጥፍ ገዝፎ ይታያል። ስም ለማውጣት የሚቸኩል ሰው «ታላቁ» የሚለውን ለቅርቡ ይሰጥና ሩቁን «ታናሹ» ብሎት ያልፋል።

በዚህ ላይ የመሬት ክብነት ይጨመርበታል። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ የሚጎብጠው ከታሰበ በኋላ እንኳ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ተራራ 700 ሜትር ያህል፣ በ200 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከአድማስ በታች የሰመጠ ይሆናል። ከሩቅ ሆኖ ሁለት ጫፎችን የሚያወዳድር ሰው፣ ሳያውቀው ከአንደኛው ላይ ከሌላው የበለጠ እየቀነሰ ነው።

የቅርፁ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አንድ ሸንተረር ከጫፉ በኩል ሲያዩት እንደ መርፌ ሾሎ፣ ከጎኑ ሲያዩት እንደ ግንብ ሰፍቶ ይታያል። ሁለት ጫፎች በአንድ መስመር ላይ ሲያርፉ አንድ ይሆናሉ፤ ተመልካቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ጎን ሲሄድ እንደገና ሁለት ይሆናሉ። ተራራውን ለመውጣት የጀመረ ሰው ደግሞ ሌላ መከራ አለበት፤ ከግርጌ ሲታይ ትከሻው አናቱን ስለሚጋርደው ትከሻውን አናት ብሎ ያምናል። እዚያ ሲደርስ ሌላ ትከሻ ይጠብቀዋል። ተራራ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን የሚያውቀው በጉልበቱ ነው።

ይህ የዓይን ስህተት ተራ መንገደኞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የዓለምን ከፍተኛ ተራራ ስም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አወዛግቧል። በቅኝ ግዛት ዘመን የሕንድ የቅየሳ መሥሪያ ቤት የሂማላያን ጫፎች ከሩቅ በመሣሪያ እየለካ ቁጥር ይሰጣቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጫፍ 15 ነው። ቀድሞ ከፍተኛው ካንቼንጁንጋ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ በ1852 የሒሳብ ባለሙያው ራድሃናት ሲክዳር ስሌቱን ሲሠራ ግን ጫፍ 15 በልጦ ተገኘ። ውጤቱ በ1856 ይፋ ሆነ፤ ኤቨረስት የሚለው ስም በ1865 ጸደቀ። ቀያሾቹ የውጭ ሰው ስም ያወጡለት የአካባቢው ሰዎች የሚጠሩበትን አላገኘንም ብለው ነው። ሄርማን ሽላጊንትዋይት የተባለ ጀርመናዊ ግን «ስም አለው፤ ጋውሪሻንካር ይባላል» አለ። ከካትማንዱ አቅራቢያ ካለ ከፍታ ላይ ሆኖ ተራራውን አይቶታል፤ ስሙንም ከአካባቢው ሰዎች ሰምቷል።

ያየው ተራራ በእርግጥም ጋውሪሻንካር ነበር። ኤቨረስት ግን አልነበረም። ሁለቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ ጋውሪሻንካር 7,134 ሜትር ሲሆን ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው። ከካትማንዱ በኩል ሲታይ ግን ቅርቡና ግርማ ያለው ጋውሪሻንካር ነው። ነገሩ የተቋጨው በ1903 ሄንሪ ዉድ የተባለ ቀያሽ እዚያው ሄዶ፣ ከዚያው ቦታ ሆኖ አቅጣጫዎቹን በመሣሪያ ሲለካ ነው። እስከዚያ ድረስ በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎች ሳይቀሩ ኤቨረስትን ጋውሪሻንካር ይሉት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ስሙን የነገሩት ሰዎች አልተሳሳቱም። ጣቱ የጠቆመውና እነሱ ያዩት አንድ ተራራ ነው። የተሳሳተው በጣቱ አቅጣጫ ላይ በሐሳቡ ሌላ ተራራ ያስቀመጠው ጠያቂው ነው።

ካራኮረም በተባለው የተራራ ሰንሰለት የሆነው ደግሞ በተቃራኒው ነው። በ1856 ሞንትጎመሪ የተባለ ቀያሽ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሁለት ጎልተው የሚታዩ ጫፎችን ሣለና ኬ1 እና ኬ2 ብሎ ጻፈባቸው። ፊደሉ ካራኮረምን፣ ቁጥሩ ተራን ከማመልከት በቀር ሌላ ትርጉም አልነበረውም፤ እውነተኛው ስም እስኪገኝ ድረስ የሚቆይ ምልክት ነበር። ለኬ1 ስም ተገኘለት፤ የአካባቢው ሰዎች ማሸርብሩም ይሉታል። ኬ2 ግን ከሰው መኖሪያ ርቆ፣ ከሌሎች ተራሮች ጀርባ ተሸሽጎ የቆመ በመሆኑ ቀያሾቹ የሚጠራበትን የታወቀ ስም አላገኙለትም። በዚህ ምክንያት በምድር ላይ ሁለተኛው ከፍተኛ ተራራ (8,611 ሜትር) እስከ ዛሬ በቀያሽ ማስታወሻ ደብተር ቁጥር ይጠራል፤ አንደኛ ተብሎ የተመዘገበው ማሸርብሩም ደግሞ 8,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔን ብትጠይቁኝ ባልታወቀ ባለሥልጣን ስም ከመጠራት ቁጥሩ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ተራራ ድንበር የለውም። ስም ግን ድንበር ይፈልጋል። ከአንድ ሰፊ ግዝፈት ላይ አምስት ጫፎች ቢነሱ አምስት ተራራ እንበላቸው ወይስ አምስት አናት ያለው አንድ ተራራ?

ባለሙያዎች ለዚህ ያበጁት መለኪያ የጫፉን ጎልቶ መውጣት ነው፤ ለአነጋገር እንዲመች «የራስ ቁመት» እንበለው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጫፍ ላይ ቆመን ከእኛ ወደሚበልጥ ወደ ማንኛውም ሌላ ጫፍ በእግር እንሂድ፤ መንገዱን የምንመርጠው በተቻለ መጠን ትንሽ ብቻ እንድንወርድ አድርገን ነው። በዚያ መንገድ ላይ የምናገኘው ዝቅተኛው ቦታ ኮርቻው ነው። ከጫፋችን እስከ ኮርቻው ያለው ቁልቁለት የጫፋችን የራስ ቁመት ይሆናል። ጎርፍ መጥቶ ውኃው ቀስ እያለ ከፍ ሲል ማሰብም ይቻላል፤ ጫፉ ከሚበልጠው ጎረቤቱ ተቆርጦ ደሴት በሚሆንበት ቅጽበት ከውኃው በላይ የቀረው ነገር የራስ ቁመቱ ነው።

መለኪያው ምን እንደሚፈታ ለማየት የኤቨረስትን ደቡባዊ ጫፍ እንውሰድ። ከፍታው 8,750 ሜትር ገደማ ነው፤ ከኬ2 በ140 ሜትር ያህል ይበልጣል። ታዲያ ለምን በዓለም ሁለተኛ አይባልም? ከዋናው ጫፍ የሚለየው ኮርቻ ከእሱ ዝቅ የሚለው አሥር ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። የራስ ቁመቱ የሦስት ፎቅ ሕንፃ ያህል ነው እንደማለት። ከኤቨረስት ጋር በአንድ ሸንተረር የተያያዘው ሎትሴ (8,516 ሜትር) ግን ኮርቻው 600 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ራሱን የቻለ ተራራ ሆኖ በዓለም አራተኛ ተብሎ ይቆጠራል።

ስንት ሜትር ይበቃል የሚለው ላይ ግን የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ ስምምነት ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የተራራ ወጪዎች ማኅበራት ኅብረት በ1994 በአልፕስ ከ4,000 ሜትር በላይ ያሉትን ጫፎች ሲዘረዝር በዋናነት የያዘው መስፈርት 30 ሜትር ነበር፤ የአንድ የመውጫ ገመድ ርዝመት ያህል ማለት ነው። በዚህ መሠረት 82 ጫፎች ተመዘገቡ። መስፈርቱን መቶ ሜትር ቢያደርጉት ቁጥሩ በብዙ ያሽቆለቁል። በስኮትላንድ ሂዩ መንሮ በ1891 ከ3,000 ጫማ (914.4 ሜትር) በላይ የሆኑትን ሲዘረዝር 538 ጫፎች አገኘና ከእነሱ 283ቱን ብቻ «የተለየ ተራራ» አላቸው። ምን ሲሆን ተለየ እንደሚባል ቁርጥ ያለ ደንብ አላስቀመጠም፤ በዓይኑና በስሜቱ ፈረደ። ዝርዝሩ ከእሱ ሞት በኋላ እየታረመ ዛሬ 282 ላይ ደርሷል። በ2012 አንዱ ተራራ እንደገና ሲለካ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ልዩነት ስለጎደለው ተሠርዟል። ሁሉንም ወጥቼ ጨረስኩ ለማለት ዓመታት የሚያጠፉ ሰዎች ስላሉ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ራስ ዳሸን በአፍሪካ ስንተኛ ነው የሚለው ክርክርም ከዚሁ የሚነሳ ነው። አራተኛ የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው፤ ትክክል የሚሆነው ግን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ነው። ኪሊማንጃሮን አንድ፣ የኬንያን ተራራ አንድ፣ ሩዌንዞሪን በሙሉ አንድ ብለን ከቆጠርንና ለራስ ዳሸን የድሮውን 4,620 ሜትር ከያዝን በእርግጥም አራተኛ ይሆናል። አሁን ተቀባይነት ያለውን 4,550 ሜትር ስንይዝ የታንዛንያው ሜሩ (4,562 ሜትር) በአሥራ ሁለት ሜትር ይቀድመዋል፤ አምስተኛ ሆነ። ሩዌንዞሪ ግን አንድ ተራራ አይደለም፤ ስታንሊ፣ ስፒክ፣ ቤከር፣ ኤሚን፣ ጌሲና ሉዊጂ ዲ ሳቮያ የተባሉ ስድስት የተለያዩ ግዝፈቶች ያሉት ሰንሰለት ነው፤ ስድስቱም ከራስ ዳሸን ይበልጣሉ። ለየብቻ ከተቆጠሩ ራስ ዳሸን አሥረኛ ነው። በኪሊማንጃሮ ላይ ከዋናው ከኪቦ ተለይቶ የሚነሳው ማዌንዚ 5,149 ሜትር ሲሆን ኮርቻው 4,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከ800 ሜትር በላይ የራስ ቁመት ያለውን ይህን ጫፍ ከጨመርን ደግሞ አሥራ አንደኛ። በልኬቱ ምክንያት የጠፋው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ የቀረውን ያመጣው «አንድ ተራራ» ለሚለው ቃል የሰጠነው ትርጉም ነው። ራስ ዳሸን ነው ወይስ ራስ ደጀን የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ስም አወጣጡ ላይ ስንደርስ፣ ጎረቤታም ጫፎች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ስም እንኳ የላቸውም፤ ከትልቁ አንፃር ነው የሚጠሩት። ሎትሴ በቲቤት ቋንቋ ደቡባዊ ጫፍ ማለት ነው፤ ኑፕትሴ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ቻንግትሴ ሰሜናዊ ጫፍ። ሦስቱም መሐል ላይ ኤቨረስትን አስቀምጠው የሚናገሩ ስሞች ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ስም ቢያንስ አቅጣጫ ይጠቁማል። ኤቨረስት ራሱ ደግሞ በቲቤት በኩል ቾሞሎንግማ፣ በኔፓል በኩል ሳጋርማታ ይባላል። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለው ማተርሆርን ከወዲያ ማዶ ቼርቪኖ ነው፤ አናቱ ላይም በመቶ ሜትር ገደማ የተራራቁ፣ በከፍታ ሁለት ሜትር ብቻ የሚለያዩ የስዊዝና የጣሊያን ጫፎች አሉት። ሁለት ሸለቆ ባለበት ሁለት ስም መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ችግር የሚመጣው ካርታ ሠሪው ሁለቱንም ስም ሰምቶ ሁለት ተራራ ሲሥል ነው፤ ወይም ለግጦሽ፣ ለመተላለፊያ በር ወይም ለጠቅላላው ግዝፈት የተሰጠ ስም ሰምቶ በአንድ ጫፍ ላይ ሲለጥፈው።

አንዳንዱ ስም ደግሞ ከላይ የወረደ ነው። የኬንያ ተራራ ሁለት መንታ ጫፎች ባቲያን (5,199 ሜትር) እና ኔሊዮን (5,188 ሜትር) የሚባሉት በ1899 ተራራውን የወጣው ሃልፎርድ ማኪንደር በማሳይ መንፈሳዊ መሪዎች ስም ስለሰየማቸው ነው። መካከላቸው ያለው ጠባብ በር ብዙ ጊዜ በጉም ስለሚሸፈን ከታች ያለ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ቢያይ አይፈረድበትም።

ጫፎቹ በቃ ተለይተው፣ ተሰይመው፣ ተመዝግበው ካለቁ በኋላም ቦታ ይለዋወጣሉ። የስዊድን ከፍተኛ ተራራ ኬብነካይሴ ሁለት ጫፎች አሉት፤ ደቡባዊው በበረዶ ግግር የተሸፈነ፣ ሰሜናዊው ዓለት ነው። ለረጅም ዘመን ከፍተኛው ደቡባዊው ነበር። በረዶው እየቀለጠ ሄዶ በመስከረም 2019 ሲለካ 2,095.6 ሜትር ሆነ፤ ዓለቱ 2,096.8 ሜትር ላይ እንደቆመ ነው። አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር የአገርን ከፍተኛ ቦታ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አዛወረ።

ትንሽ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳየው ግን ማናስሉ ነው። 8,163 ሜትር የሆነው የዚህ ተራራ አናት በተከታታይ ጉብታዎች የተሠራ ሹል ሸንተረር ነው። ብዙ ወጪዎች ለዓመታት ከእውነተኛው ጫፍ በፊት ባለው ጉብታ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሥተው ወርደዋል፤ ካሉበት ሲታይ ቀጣዩ ነጥብ ስለሚሸፈን ወይም አደገኛ ስለሆነ። በ2021 በድሮን ከአየር የተነሣ ምስል ጉብታው ላይ የተሰለፉትን ሰዎችና ከእነሱ አልፎ ወደ እውነተኛው ጫፍ የሚያመሩትን ለይቶ አሳየ። የሂማላያ ጉዞዎችን መዝግቦ የሚይዘው ሂማላያን ዳታቤዝም ከ2022 ጀምሮ ጫፉን ረገጠ የሚለው እውነተኛው ነጥብ ላይ የደረሰውን ብቻ እንዲሆን ወሰነ። እዚህ ላይ ፍርዴ ጥብቅ መስፈርት ከያዙት ጋር ነው፤ ጥቂት ሜትር የቀረው ሰው ትልቅ ነገር ሠርቷል፣ ጫፉ ላይ ግን አልደረሰም።

ከሩቅ የሚያየውን ጫፍ ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ቦታ ብቻ ሆኖ መፍረድ የለበትም። ከሁለት በደንብ ከተራራቁ ቦታዎች በኮምፓስ አቅጣጫ ወስዶ ካርታው ላይ ሁለት መስመር ቢያሰምር፣ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ቦታ ተራራው ነው። የኮምፓሱ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ምን ያህል እንደሚያዘነብል በየቦታው ስለሚለያይ ማስተካከያውን ካርታው ጠርዝ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ስለሆነ ግን እንደ ማተርሆርን መንታ ጫፎች ያሉትን በዚህ መለየት ያስቸግራል፤ ካርታው ላይ የሚራራቁት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ካሜራውን ወደ ተራራው ሲያዞሩት ስሙን የሚጽፈው የስልክ መተግበሪያ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የስልኩ ኮምፓስ በጥቂት ዲግሪዎች ከሳተ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስሙ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተንሸራቶ ጎረቤቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ በእርግጠኝነት የሚታወቅ አንድ ጫፍ ላይ ማነጣጠርና ስሙ በትክክል ማረፉን ማየት ይበጃል። መተግበሪያው የሚጠቀምባቸው የከፍታ መረጃዎች መሬቱን በ30 ወይም በ90 ሜትር ካሬዎች ከፍለው የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ሹል ጫፍ ተድበስብሶ ከእውነቱ ዝቅ ይላል፤ ደልዳላው ጎረቤቱ በልጦ ሊታይ ይችላል።

ዊትኒ «የዓሣ አጥማጆች ጫፍ» የሚለው ስም ሳይጸናለት 4,421 ሜትር ላይ በቀድሞ ስሙ ቀረ። ኪንግ በስህተት የወጣው፣ ጉድይር በበቅሎ የደረሰበት ጎረቤቱ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ላንግሌይ ተባለ። ሳሙኤል ላንግሌይ የፀሐይን ጨረር ሊለካ በ1881 መሣሪያዎቹን ጭኖ ወደዚያ ሰንሰለት የሄደ ሳይንቲስት ነበር፤ ልኬቱን ያካሄደው ግን በስሙ በሚጠራው ተራራ ላይ ሳይሆን በዊትኒ ላይ ነው።